ጥርስ ያለው ኮሌታ

የልጄን ኮት ስተኩስ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ተነሳና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አባቴ ልብስ ይሰፋበት ወደነበረው ሱቅ መለሰኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ዩክሬናዊ ሽማግሌ የአባታቸውን ግራጫ የወታደር ኮት ይዘው መጡ። የኮሌታው ሰማያዊ ጨርቅ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርሳም ነው። አባቴ አየና "ብል ጨርሶታል፤ ቀጥ ላድርገው" ብሎ መቀስ አነሳ።

"ኖ!" ሽማግሌው ኮሌታውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "ጥርሱ የሠራዊታችን ምልክት ነው! ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ምዕራብ ዩክሬን ላይ አገር መሥርተን ነበር። ዓመት እንኳ አልሞላትም። አባቴ ግን ኮቱን እስኪሞት አልጣለውም።"

ለአባቴ ተረጎምኩለት። "ይቅርታ ጠይቂልኝ" አለና መቀሱን አስቀመጠ። ከዚያ ብል በእርግጥ የበላቸውን ሁለት ጥርሶች በእጁ ሰፍቶ ተካቸው።

ሽማግሌው ኮቱን ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙ። ጎብጠው የገቡት ሰውዬ ቀጥ አሉ! እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ እልልታዋን አቀለጠችው። እሳቸውም ከድል እንደተመለሰ ወታደር ጎዳናውን እየረገጡ ሲሻገሩ መኪናው ሁሉ ቆመላቸው።

ካውያውን አስቀምጬ ብቻዬን እልል አልኩ።

"ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?" አለ ልጄ ደንግጦ።

"ሽማግሌው አሸነፉ" አልኩት።