ለደመና የተሳለው አያ አድማሴ

ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለው የእኛ ቀበሌ መጀመሪያ በቤንዚን የሚሠራ የውሃ ሞተር የገዛ አያ አድማሴ ነው። በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣ እሱ ብቻ ስለነበር ኮራ ብሎ ነበር የሚሄደው።

አምና ጎረቤቱ ወንዳወቅ በሶላር የሚሠራ ሞተር አስተከለ። ጢስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ይመጣል። አያ አድማሴ ግን ጀሪካን ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም ይመላለሳል። ማደያው «በጀሪካን አንቀዳም» ይለዋል፤ በጓሮ የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

ሚስቱ ሰብሊ፣ «መንግሥት እንኳ ከቤንዚን ልላቀቅ እያለ ነው። ለምን ወንዳወቅን ውሃ አንጠይቀውም?» አለችው።

«መስታወት ፀሐይ ላይ የሚያሰጣውን ሰውዬ? ሽንኩርቴ ቢደርቅ ይሻለኛል!»

ወንዳወቅም አይተወው። «አያ አድማሴ፣ ዛሬስ ቤንዚን ተገኘልዎ? ለእኔ እንኳ እግዜር ይቀዳልኛል» ይለዋል።

ጥር ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሄዶ ተሳለ። «የዚህን ሰው ፀሐይ በደመና ከልልልኝ እንጂ ጥላ አስገባለሁ» አለ።

ደመናው መጣ። ዝናብ ግን ጠብ አላለም። የወንዳወቅ ሞተር ደከመ፣ ከዚያም ዝም አለ። አያ አድማሴ ሰማዩን እያየ ፈገግ ይላል። ቤንዚን ግን እሱም አላገኘ፤ የሁለቱም ሽንኩርት ጠወለገ።

ስለቱ የሰመረለት ሰው ካላስገባ ይቀሰፋል። ስለዚህ ጥላውን ገዝቶ በወሩ ሚካኤል ወሰደ። ከቅዳሴ በኋላ መርጌታ ዘሚካኤል ጥላውን ከፍ አድርገው፣ «አድማሴ፣ ምን ብለህ ነው የተሳልከው? ንገረንና እልል እንበል» አሉ።

እንዳይዋሽ ደጀ ሰላም ነው።

«ደመና እንዲመጣ» አለ ቀስ ብሎ።

«ዝናብ ማለትህ ነው?»

«አይ… ደመናውን ብቻ።»

እልል ያለ የለም። ወንዳወቅ ከወንዶቹ መሐል፣ «ኧረ የእኔን ፀሐይ ሊያስከልል ነው!» ሲል ግቢው በሳቅ ተሞላ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራ። አያ አድማሴ ማሳው ሲደርስ ሰብሊ የወንዳወቅን ቦይ ወደ እነሱ መደብ ቀድዳዋለች፤ ውሃው እየገባ ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እሱው ነዋ። ‹ሁለተኛ እንዳይሳል ብቻ አስምይልኝ› አለኝ።»

ቦዩን ሊደፍን ዶማውን አነሳ። መሬት ላይ የተኛውን ሽንኩርት አየው። ዶማውን አስቀመጠና ፊቱን አዞረ።

«ውሃው ቀጭን ነው» አለ። «የእኔ ሞተር ወፍራም ነበር የሚያወጣው።»