በእናት በኩል የመጣ መሬት

የመሬት ግምት ሥራ የጀመርኩት በጣልያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ነው። አስመራ ከነጋዴ አጎቴ ጋር ስኖር ቋንቋውን ለምጄ ስለነበር ለአስተርጓሚነት ቀጠሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ቀያሹ፣ ቀይ ጢም ያለው ዝምተኛ ጣልያን፣ የብረት ሜትሩን ጫፍ አስይዞኝ "እንዳይረግብ" አለኝ። ከዚያ ቃል በስተቀር እስከ ምሳ ድረስ አላናገረኝም።

መሣሪያችን ያ ሜትር፣ ችካል፣ መዶሻና በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ነበር። እሱ በመነጽሩ ያያል፤ እኔ ድንበሩ ላይ ችካል እመታለሁ፤ ከዚያ የባለመሬቱን ስም ጠይቄ እነግረዋለሁ።

ልኬቱ አያስቸግርም። ያስቸገረን ስም ነው። "ይህ መሬት የማን ነው?" ስንል፣ ገበሬው መጀመሪያ አገሩን ያቀናውን፣ ከሞተ ብዙ ትውልድ ያለፈውን አባት ይጠራል። ቀያሹ "በሕይወት ያለ ሰው ጥራልኝ እንጂ" ይለኛል። ገበሬው ደግሞ በዚያ አባት ስም ርስት የሚካፈለውን ዘመድ ሁሉ ይቆጥርለታል። ቀያሹ መጀመሪያ ይናደድ ነበር፤ እየቆየ ግን ነገሩ ይገርመው ጀመር። በበቅሎ ስንሄድ "ማን ከማን ተወለደ?" እያለ መንገዱን ሙሉ ይጠይቀኛል።

ሰዉ በሌለሁበት ባንዳ ይለኝ ነበር። እሰማለሁ። ሥራዬን ግን አልተውኩም።

አንድ ኅዳር ላይ ትእዛዝ መጣ። ዱር ቤቴ ያለ ሰው መሬት ተለይቶ ይያዝ፣ ለታማኝ ሰው ይሰጥ የሚል ነው። ወደ አማኑኤል አካባቢ ሄድን። ጣልያን የሾመው ባላምባራስ ደሴ ተቀብሎን በቀጥታ ወደ አንድ የጤፍ ማሳ ወሰደን።

"ይህ የሽፍታው የቸኮል መሬት ነው" አለ። "በእኔ ስም ይጻፍ።"

ከማሳው ዳር አንዲት ሴት ማጭዷን እንደያዘች ቀረበች። ወይዘሮ ስንዱ ትባላለች።

"ቸኮል ባሌ ነው" አለች። "መሬቱ ግን የእሱ አይደለም። በእናቴ በኩል ያገኘሁት ርስቴ ነው። እሱ በእኔ ርስት ላይ ነው የመጣ።"

ይህን ስነግረው ቀያሹ እርሳሱን አወረደ። "ሴት መሬት ትወርሳለች?"

"በዚህ አገር በአባትም በእናትም ይወረሳል" አልኩት።

"ምን ይላል?" አለ ባላምባራስ። "ሴት አትወርስም፤ ባል ያለበት መሬት የባል ነው በለው።"

ቀያሹ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ "የሚያስረዳኝ ሰው ጥሩ" አለ። አቶ ውብነህን ጠሩለት። ሽማግሌው የአካባቢው ዘር ቆጣሪ ናቸው፤ ርስት ሲያከራክር ሰው ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው።

በምርኳዛቸው ተደግፈው ጀመሩ። "አገሩን ያቀናው ዘካርያስ ነው። ዘካርያስ ወለተ ሥላሴን ወለደ። ወለተ ሥላሴ እንግዳንና ብሩን ወለደች..." ቀያሹ "ቀስ ይበሉ በላቸው" እያለ በችካል ጫፍ መሬቱ ላይ መስመር ይስላል። በእንግዳ በኩል ወርደው ስንዱ ጋ ደረሱ።

ያበቁ መስሎን ነበር። ሽማግሌው ግን ወደ ባላምባራስ ዞሩ።

"ደሴ፣ አንተስ ርስትህን በማን በኩል ያዝክ?"

"በአባቴ ነዋ።"

"አባትህስ?"

ወሬ ሰምቶ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ "በብሩ!" ብሎ ጮኸ።

"ብሩ የማን ልጅ ነው?" አሉ ሽማግሌው። "የወለተ ሥላሴ ነው። በሴት አይወረስም ካልክ ልኬቱ ካንተ ማሳ ይጀመር። አንተም ከኛ ጋር ከርስትህ ወጥተህ ትቀራለህ።"

ባላምባራስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ይህን እንዳታስተረጉም። ነገም የምትሄደው በእኔ አገር ነው።"

ፈራሁ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎቹ ከኋላችን ቆመዋል። ቀያሹ ግን አፍ አፌን ያያል፤ የሚቀጥለውን ስም እየጠበቀ ነው። እኔም ሽማግሌው ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

መሬት ላይ የሳለውን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ቀና ብሎ "እውነት ነው?" ሲል ባላምባራስን ጠየቀው።

ባላምባራስ የተሰበሰቡትን ዘመዶቹን አየ። ሁሉም የወለተ ሥላሴ ልጆች ናቸው። "እውነት ነው" አለ።

መሬቱ በስንዱ ስም ተጻፈ። ደብረ ማርቆስ ስንመለስ የቀያሹ አለቃ የሽፍታ ሚስት መሬት ለምን ተተወ ብሎ ቆጣው። ቀያሹም "የራሳችሁ ሹም ነው የመሰከረው" ብሎ ወጣ። ከአማኑኤል ወረዳ ግን አነሱን። ባላምባራስን ዳግመኛ አላየሁትም።

ጣልያን ሲወጣ ቸኮል ከዱር ተመለሰ። አንድ ገበያ ቀን መንገድ ላይ ተገናኘን፤ አይቶኝ አለፈ። ስንዱ ግን ቆማ "ደህና ነህ ወይ?" አለችኝ። ጤፉ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። "ደህና ሰጥቷል" አለች።

ከዚያ በኋላ በአገራችን መንግሥት ሥር በዚሁ ሥራ አርጅቻለሁ። ለወጣት ገማቾች የምለው ይህን ነው፦ ችካል ከመምታታችሁ በፊት መሬቱ በማን በኩል እንደመጣ ጠይቁ። ስትጠይቁም ሴቶቹን አትዝለሉ።