ጸጥ ያለው ጓዳዬ

ዛሬ ረፋድ ላይ 18 ማዞሪያ አጠገብ ትራንስፎርመር ፈነዳ። መብራት መጥፋቱን እንኳ ለምደነዋል።

አንዲት የማላውቃት ልጅ ግን ፍንዳታው ተኩስ መስሏት የግቢዬን በር በሁለት እጇ ደበደበች። ከመክፈቴ በፊት አንድ የድሮ ቀን ታወሰኝ።

በቀይ ሽብር ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ በር «እትዬ፣ ይክፈቱልኝ» እያለች ደብድባ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን ደፈንኩ። አብዮት ጠባቂዎች እዚያው ደጄ ላይ ተኩሰው ገደሏት። ደሟን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ከፈትኩ። ልጅቷን ያንኑ ጓዳ አስገባኋት። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው፤ ሬዲዮ የለበትም፤ ያሉት መጻሕፍቴ ብቻ ናቸው።

ትንፋሿ ሲመለስ «እማማ፣ እዚህ ምንም አይሰማም እንዴ?» አለችኝ።

«ለአንቺ አይሰማም» አልኳት።

እናንተስ፣ ከተማው ሲያስጨንቃችሁ የት ትጠለላላችሁ? የእኔ በር ከዛሬ ጀምሮ አይቆለፍም።