ሁለተኛው ትራምፔት

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ ክንዴን በአልኮል በራሰ ጥጥ ስትጠርገው፣ ሽታው ከዚያ አንሥቶ ደብረ ማርቆስ ወስዶ የአባቴ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠኝ። «አትፍሪ፣ መርፌዋ ቀጭን ናት» አለችኝ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሌላ መርፌ ነበር። አንድ ሰው በትንሽ ብሩሽ አልኮል እያስነካ፣ ትንፋሹን ይዞ ስላጸዳት የሙዚቃ ሸክላ መርፌ።

የዚያን ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ቁጭ ማለት አልችልም፤ ተኝቼም አላርፍ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እስከ አስፋልቱ ወርጄ የአዲስ አበባን አውቶቡሶች አይቼ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ከእኔ የባሰ የሚቁነጠነጥ ሰው ይጠብቀኛል፤ አባቴ።

አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር። በወጣትነቱ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ትራምፔት ነፊ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉት አንዲት ትንሽ ሸክላና አንድ አሮጌ ማጫወቻ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ሸክላዋን ያጫውታል። መሐል ላይ ትራምፔቶቹ ሲገቡ ጣቱን ያነሣና «ከሥር የሚሄደው፣ ሁለተኛው፣ እኔ ነኝ» ይላል። እንግዳው ጆሮውን ያቆማል። የሚሰማው ግን ብረት ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ገብስ የመሰለ ጩኸት ነው፤ መርፌው አርጅቷል። ሰዎቹ ለአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከበር ሲወጡ ይሳሳቃሉ። እናቴም እኔም ይህን እናውቅ ነበር። አባቴም ሳያውቅ አልቀረም።

በዚያው ዓመት የግቢያችንን ሰርቪስ ቤት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተከራየ። ዩኒቨርሲቲው ገና መከፈቱ ነበር። መምህሩ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ዕቃው ሲራገፍ ከአልጋው ቀድሞ የገባው የሸክላ ማጫወቻ ነበር። አባቴ ያንን ሲያይ ቁርሱን ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተለያዩም። መምህሩ እንደሚለው የሸክላ ድምፅ ነገሩ ሁሉ ያለው በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ባለች የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ዕቃ ነው። ካርትሪጅ ይላታል። መርፌዋን ይዛ፣ መርፌዋ በሸክላው ቦይ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ መንቀጥቀጧን ወደ ድምፅ የምትለውጠው እሷ ናት። እሱ ሁለት ነበሩት። አንዷ ደኅና የምትባል ናት። ሌላዋ ውጭ እያለ ስንት ነገር ትቶ የገዛት፣ በጥጥ ጠቅልሎ የሚያስቀምጣት ናት። ድምፅዋ ከመድከሙ የተነሣ የሚያጎላ ሌላ ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋታል። «ጋሼ፣ ይቺ ምሕረት የላትም» አለው አንድ ቀን። «ሸክላው ላይ ያለውን ሁሉ ታወጣለች፤ ጭረቱንም አትደብቅም። እሑድ ከእርስዎዋ ጋር ሦስቱንም እናወዳድር። ሁለተኛው ትራምፔት ካለ እናገኘዋለን።»

«ካለ» የሚለው ቃል አባቴን ወጋው። ፊቱ ላይ አየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጫማውን አድርጎ በር ላይ ይቆምና መልሶ ያወልቃል። ዓርብ ዕለት አብሬው እንድወጣ ጠየቀኝና በጭቃው ውስጥ ሄድን። ገበያው ጋ ስንደርስ ቆመ።

ዘፈኑ የተቀዳው ሁለት ጊዜ መሆኑን ያኔ ነገረኝ። በመጀመሪያው ቀን የነፋው እሱ ነው። ኃላፊው ሳይወደው ቀርቶ በማግሥቱ እንደገና አስቀዳ፤ አባቴን ግን ወባ ጥሎት ነበርና በእሱ ቦታ በመጀመሪያው ቀን ያልነበረ ጓደኛው ነፋ። የትኛው ቅጂ ሸክላ ላይ እንደወጣ የነገረው የለም። ብዙም ሳይቆይ ኦርኬስትራውን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጓደኛው ከእኛ ከተማ ብዙም የማትርቀው የሉማሜ ልጅ ነበር፤ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን እንደሄደ ቀረ። አስከሬኑም አልመጣ።

«ታዲያ የእሑዱ ለምን አይቀርም፣ አባዬ?» አልኩት።

«ሳላውቀው ልሙት?» አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን፤ መብራት የለም። አባቴ አምፖሉን እያየ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። እናቴ ሦስት ጊዜ ያህል ተቀመጥ ብላው ተስፋ ቆረጠች። እኔም ጥፍሬን በላሁ። መብራቱ ሲመጣ ሁላችንም አንድ ላይ ብድግ አልን።

መምህሩ ከእኛው ጀመረ። ያው የምናውቀው ገብስ ተንጣጣ። ሁለተኛዋን ሲያስቀምጥ እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዘፋኙ ጉንፋኑ የለቀቀው ያህል ድምፁ ጠራ፤ ከበሮው እግራችን ሥር መታ። ትራምፔቶቹ ግን እንደ አንድ ሰው ሆነው ገቡ። መምህሩ ለእንደዚህ ያለ አሮጌ ሸክላ እሱ ራሱ ይቺን እንደሚመርጥ፣ ለጆሮ እንደምትደላ ተናገረ። እናቴም በቃ ይቺ ትሁን አለች። ያንን ያለችው ለዘፈኑ ብላ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል።

«ያቺን አድርግልኝ» አለ አባቴ።

መምህሩ ጥጡን ፈታ። መርፌዋን በአልኮል አጸዳ፤ ቤቱ እንደ ሐኪም ቤት ሸተተ። በመስኮቱ የገባው የክረምት ብርሃን መርፌዋ ጫፍ ላይ ብልጭ ሲል አየሁት። ከዚያ ሸክላዋ ዞረች። በእርግጥ ምሕረት አልነበራትም፤ ጭረቱ ሁሉ ተሰማ። ግን ከጭረቱ ኋላ ዘፈኑ የተቀዳበት ክፍል ተከፈተ። ወንበር ሲንቋቋ፣ ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ እንሰማለን። ትራምፔቶቹ ሊገቡ ሲሉ ከሁለት አንዱ ትንፋሽ ሳበ። ቀጭን፣ ሊያፏጭ የቃጣው ትንፋሽ ነው። ወዲያው ሁለቱ ትራምፔቶች ለየብቻ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከሥር ሆነው ሄዱ።

አባቴ ጣቱን አላነሣም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እሱ ነው» አለ። «ጥርሱ ፍንጭት ነበር። አየር ሲስብ ያፏጭ ነበር፤ ኃላፊው ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር።»

መምህሩ ጥፋቱ የእሱ የሆነ ይመስል አቀረቀረ። እናቴ ተነሥታ የአባቴን ትከሻ ያዘች። እኔ ያለቅሳል ብዬ ነበር። ከፊቱ ግን ስንት ቀን ያየሁበት መንቆራጠጥ ረግፎ ነበር። ሸክላዋን እንደገና እንዲያስቀምጥለት መምህሩን ለመነውና ያንኑ ትንፋሽ ሲሰማ ጓደኛውን በስሙ ጠራው፤ ቀስ ብሎ፣ አጠገቡ እንዳለ ሰው።

በማግሥቱ ማለዳ ሉማሜ ወረደ። የጓደኛው እኅት እዚያ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ወንድሟ ሲሄድ ፎቶግራፍ እንኳ አልተወላትም። አባቴ ምን ብሎ እንዳሳመናት አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ አብራው ገባች። እናቴ ደረቅ ጋቢ አለበሰቻትና ማጫወቻው አጠገብ አስቀመጠቻት። ሴትዮዋ ሁላችንንም በጥርጣሬ ታየን ነበር።

መምህሩ መርፌዋን አወረደ። ትንፋሹ ተሳበ።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች። «አቁመው» አለች። መምህሩ ደንግጦ መርፌዋን አነሣ። ወደ አባቴ ዞረች። «እንቅልፍ ሲወስደው እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው። አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው፣ ልጅ እያለን።»

ከዚያ እንደገና እንዲያሰማት ለመነችው። ትራምፔቱ ሊጀምር ሲል ደግሞ አስቆመችው። ሙዚቃውን አልፈለገችውም። መምህሩ፣ ሸክላ እንዳይበላ ብሎ የመርፌ ክብደት የሚመዝነው ያ ሰው፣ መርፌዋን እያነሣ እዚያችው ቦታ መለሳት። አባቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። የሉማሜው የመጨረሻ አውቶቡስ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ በዚያ ቤት የተሰማው የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር።