ከሦስት ቀጥሎ ሺ

ወይኒቱ ካራቴ ውስጥ የገባችው ጫማዋን ለማውለቅ ስላላፈረች ነው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ቅዳሜ ታናሽ ወንድሟን ልትጠራ ወደ ስፖርት አዳራሹ ብቅ ብትል አሠልጣኙ ከበሩ ላይ አስቆማት። ሰውነት ይባላል። ስሙ ሰውነት ይሁን እንጂ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን ሰው ነው፤ ልጆቹ ከኋላው «ስም ብቻ» ይሉታል።

«በጫማ አይገባም። ወይ አውልቂ ወይ ተመለሽ።»

አወለቀች። ካወለቅሁ አይቀር ብላ ደግሞ የኋላው ረድፍ ላይ ተሰለፈች።

ሰውነት በጃፓንኛ እየቆጠረ ቡጢ ያሰነዝራል። «ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ…» ሺ ላይ ስልኩ ጮኸና ወጣ። ሌሎቹ እጃቸውን አውርደው ወሬ ያዙ። ወይኒቱ ግን የታዘዘችውን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ሺ ነው የተባለው። በስንፍናቸው እየታዘበቻቸው አየሩን ትደበድብ ገባች። ሰውነት ሲመለስ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ እየቆጠረ አገኛት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሺ አላሉም እንዴ፣ መምህር? ገና ነኝ።»

«ሺ ማለት እኮ አራት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰውነት ግን አልሳቀም። «ሰኞም ነይ» አላት።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ልታማትብ ብትል ቀኝ እጇ አልነሣ አላት። በግራው ደግፋ ወደ ግንባሯ ስታወጣው እናቷ አስካለ ማርያም አዩ።

«ማን ነው የለከፈሽ?»

«ካራቴ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለየትኛው ታቦት ልሳልልሽ?»

እጁ ዳነ፤ ልጅቱ ግን አልተወችም። ነጩ ቀበቶዋ ብጫ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ቡኒ ሆነ። በተለወጠ ቁጥር እናቷ፣ «መቀነት ለመቀየር ይሄ ሁሉ ላብ? ገበያ ወጥቼ እገዛልሽ የለም?» ይላሉ። ጥቁሩን አስራ ስትመጣ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ኋላ ለጎረቤት «ጥቁርስ ደግ ነው፤ እድፍ ይችላል» ሲሉ ተሰሙ።

ወይኒቱ አግብታ ቡሬ ገባች፤ ሴት ልጅም ወለደች። ሕፃኗ እንቅልፍ ሲወስዳት ጓሮ ወጥታ አየሩን ትመታለች። ጎረቤቶቿ ዝንብ የምታባርር ይመስላቸው ነበር። እሷ ግን ሐሳቧ ሌላ ነው። ከገጠር እየተመላለሱ የሚማሩትን ሴቶች ልጆች፣ መንገድ ላይ እጃቸውን እየያዘ የሚያስቸግር ጎረምሳ አይጠፋም። እነሱን ላስተምር ብላ ቆረጠች። የጎደላት ቦታ ነው። አያ ሙጬ የሚባሉት የበርበሬ ነጋዴ ባዶ መጋዘን ስላላቸው ሄዳ ለመነቻቸው።

«መጋዘኑስ አይገደኝም፣ ልጄ። ግን ካራቴ የሚማሩት ይሰግዳሉ ይባላል፤ ለግድግዳም ለሰውም። የኔታ ክንፈሚካኤል ይዩት። እሺ ካሉ ቁልፉ ያንቺ ነው።»

ወይኒቱ ጨነቃት። መሪጌታው ፊታቸውን ካጠቆሩ መጋዘኑ ቀርቶ፣ ቡሬ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አትሰጣትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የኔታ በአንድ ወገን፣ እናቶች በሌላው ወገን ተቀመጡ። ወይኒቱ ነጭ ልብሷን ለብሳ ገባች፣ ጎንበስ አለች፣ መሬቱንም ረገጠችው። ያኔ ተጠርጎ አልቋል የተባለው የዓምና በርበሬ ከየስንጥቁ ቦነነ። የካራቴውን ጩኸት፣ «ኪያ» ልትል አፏን ስትከፍት የወጣው ማስነጠስ ነበር።

«ይማርሽ» አሉ የኔታ።

«ያኑርዎ» ብላ ሁለተኛውን ሰነዘረች። አሁንም አስነጠሳት።

«ይማርሽ።»

ሦስተኛው ላይ እናቶቹም፣ የኔታም፣ ባለ መጋዘኑም አስነጠሱ፤ ማን ማንን ይማርህ እንደሚል ጠፋ። አያ ሙጬ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው፣ «ይሄ ካራቴ ማርከሻ አለው?» አሉ።

አቧራው ሲረግብ የኔታ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ቅድም ጎንበስ ያልሽው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አሠልጣኟ ሰውነት ስለ ጎንበስ ማለቱ ያስጠናት ማብራሪያ ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ። የቀራት የቤቷ አማርኛ ነው።

«ለእርስዎ እጅ መንሳቴ ነው፣ የኔታ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባለጌ እጇን ሲይዛት…» አለችና የእጇን አንጓ ለአያ ሙጬ ሰጠቻቸው። እሳቸውም የበርበሬ ጆንያ አፍ እንደሚያንቁ ጠበቅ አድርገው ያዙት። ወገቧን ዘወር፣ ክንዷን መለስ አደረገች። አያ ሙጬ ባዶ መዳፋቸውን ሲያዩ ቀሩ።

የኔታ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ታየ።

«ለእኔ እጅ ነሳሽ፤ ሙጬን ደግሞ እጅሽን ነሳሽው። ሰሙ አክብሮት፣ ወርቁ ክልከላ።» ወደ እናቶቹ ዞሩ። «ስግደትስ አይደለም፤ እጅ መንሳት ነው። ሴት ልጅ ሁለቱንም መንሳት ብታውቅ ምን ክፋት አለው?»

አያ ሙጬ ቁልፉን አወጡ። የገዛ የልጅ ልጃቸውንም አስመዘገቡ።

ወለሉ በውኃ ታጥቦ ትምህርቱ ሲጀመር፣ አያ ሙጬ በሩን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

«ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ…»

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉ፤ «ይህን ያህል ዘመን ነግጃለሁ፤ ከሦስት ተነሥቶ ሺ የገባ አላየሁም። አራትን ምን በላው?»

ወይኒቱ ግን አራት ላይ የማትቆም ልጅ እንዳለች ለማየት የኋላውን ረድፍ እየቃኘች ነበር።