ሰምቶ ዝም ያለ ድብዳብ ሰፊ

ዘይኑልአቢዲን አሊዩ አምባ ገበያ ላይ የጭነት በቅሎ ድብዳብ ይሰፋ ነበር። ድብዳብ በጭነቱና በበቅሎዋ ጀርባ መካከል የሚገባ ወፍራም መደላድል ነው፤ በአንድ ወገን ከሳሳ ጭነቱ ያጋድላል፣ ጀርባዋም ይላጣል። ጣልያን መንገድ ጠርጎ እህሉንና ጨውን በመኪና ማመላለስ ሲጀምር ድብዳብ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። በ1929 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ወጥቶ በጣልያኖቹ ጋራዥ መኪና አጣቢ ሆነ፤ ከዓመት በኋላ ብሎን መፍታት ጀመረ። እንጀራውን ያሳጡትን መኪናዎች ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚጠግናቸው።

ከእነዚያ መኪናዎች አንዷ ወደ አንኮበር የወታደር ስንቅ የምታመላልስ ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች። ሾፌሯ ገብረአብ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። ዘይኑልአቢዲንን ባየው ቁጥር ባለ ድብዳቡ ዛሬ ስንት በቅሎ አከምክ እያለ ይቀልድበታል።

በጥቅምት 1931 አንድ ቀን ይህች መኪና ግቢ ስትገባ ዘይኑልአቢዲን ከሥሯ ድው ድው የሚል ድምፅ ሰማ። ሞተሩና ካምቢዮው የሚያርፉባቸው የጎማ ሱፖርቶች አልቀዋል። ወዲያው ገባው። ለማንም አልተናገረም። የእነሱ መኪና ናት፣ ትሰበርባቸው አለ በልቡ።

ተሰበረችም። ሞተሩ እየተወዛወዘ ከፊቱ የሚሽከረከረው ማራገቢያ፣ ቬንቲላተሩ፣ ራዲያተሩን በሳው። ጠገኑት፤ ደግሞ ተበሳ። በታኅሣሥ ለሦስተኛ ጊዜ ዳገት ላይ ስትቆም ካፖው፣ ማለት የጋራዡ አለቃ፣ ሾፌሩ ሆን ብሎ እያበላሻት ነው ብሎ ጽፎ ፈረመ። ገብረአብን ገርፈው አሰሩት። ቅዳሜ አዲስ አበባ ለጦር ፍርድ ቤት እንደሚላክ ተነገረ። እዚያ ተልኮ የተመለሰ ሾፌር በጋራዡ የሚያውቅ የለም።

ዘይኑልአቢዲን ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ካፖውን ጠላው፤ ከካፖው አብልጦ የገዛ ጆሮውን ጠላ።

ሐሙስ ጠዋት ካፖው ፊት ቆሞ በተሰባበረ ጣልያንኛ ጥፋቱ የሾፌሩ እንዳልሆነ ተናገረ። ካፖው የበቅሎ ልብስ ሰፊ ስለ ሞተር ምን ያውቃል ብሎ ሳቀ። ዘይኑልአቢዲን አንድ ወታደር መሪው ላይ እንዲቀመጥ፣ ፍሬኑን ረግጦ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ እንዲለቅ ለመነ። ወታደሩ እንደተባለው ሲያደርግ ሞተሩ በግራ ወገን ሦስት ጣት ያህል ተነሳ፤ ቬንቲላተሩም ራዲያተሩን ጫረው፣ እዚያው የድሮው ጠባሳ ላይ። የካፖው ፊት ቀላ። ይህን የፈታኸው አንተ ነህ አለ።

«እኔ ብፈታው ብሎኑ ይላላል እንጂ ጎማው አይበሰብስም» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ ከሱፖርቱ በእጁ የፈረፈረውን እያሳየ።

ካፖው መቼ እንዳወቀ ጠየቀው። ዛሬ ብሎ ዋሸ። ካፖውም እስከ ነገ ማታ ሠርተህ አሳየኝ፣ ካልሆነ ቅዳሜ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ አለው።

በመጋዘኑ አዲስ ሱፖርት አልነበረም። ዘይኑልአቢዲን ከፈነዳ የመኪና ጎማ ክብ ክብ እየቆረጠ ሦስት ሦስቱን ደራረበ። ክሪኩን በእንጨት አስደግፎ ሞተሩን ከሥር አነሳ፤ የሞተሩን ሁለቱን፣ ከዚያም የካምቢዮውን የኋላ ሱፖርት ለወጠ። ብሎኖቹን ሁሉ በጣቱ አስገብቶ ሳይጨርስ አንዱንም አላጠበቀም፤ ጭነትም ሁለቱ ወገን ሳይመዛዘን አይታሰርም። ለጠላት ስንቅ ድብዳብ እየሰፋ መሆኑን ያውቃል። እጁ ግን አጉል መሥራት አልለመደም፤ ይህም አናደደው።

ዓርብ ማታ መኪናዋ ዳገት ወጥታ በደኅና ተመለሰች። ካፖው የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደና ጥፋቱን ራሱ መርምሮ እንዳገኘው የሚል ሌላ ጻፈ። ቅዳሜ ጠዋት ገብረአብን ፈትተው፣ የጀርባው ቁስል ሳይደርቅ፣ እዚያችው መኪና ላይ አስቀመጡት።

በቅሎ ስትጫን ሆዷን ትነፋለች፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ መጫኛው ይላላልና አቁሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አዲስ የተገጠመ የሱፖርት ጎማም እንዲሁ ክብደት ሲያርፍበት ይታመቃል፣ ብሎኑም ይላላል። ስለዚህ ዘይኑልአቢዲን አብሮት ተሳፈረ። ከከተማው ወጣ ብለው ቆሙና መፍቻውን ይዞ ከሥር ገባ።

«ካፖው አገኘው ይላሉ» አለ ገብረአብ ጎንበስ ብሎ። «ያንተ ሥራ መሆኑ አልጠፋኝም። እግዜር ይስጥህ።»

ዘይኑልአቢዲን እጁን አቆመ። «አታመስግነኝ። በጥቅምት ሰምቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ድው ድው ሲል። ያኔውኑ ገብቶኛል። ትሰበርባቸው ብዬ ተውኩት።»

«ትሰበርባቸው» አለ ገብረአብ። «ውስጧ የተቀመጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ወላሂ፣ አንተን አላሰብኩህም።»

«እሱንማ ጀርባዬ ያውቀዋል። ውጣ።»

ዘይኑልአቢዲን ወጣ። ገብረአብ መፍቻውን ከእጁ ነጥቆ እያቃሰተ ከሥር ገባ፤ የቀሩትን ሁለት ብሎኖች ራሱ አጠበቀ። ከዚያ ተሳፈረና ዘወር ብሎ ሳያይ ነዳ።

ዘይኑልአቢዲን መንገዱ ላይ ቆሞ አዳመጠ። መኪናዋ ማርሽ ቀይራ ጉብታውን ወጣች፤ ድው የሚል ነገር አልነበረም። ድምፅዋ እስኪጠፋ ጠብቆ ባዶ እጁን ወደ ከተማው በእግሩ ተመለሰ።