በእግሬ ያደረግሁት ዑምራ

ሐኪሙ በሽታዬ እንደማይድን የነገረኝ ዓምና ነው። ካንሰሩ ከጡቴ አልፎ ጉበቴ ገብቷል፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ይጨምርልኝ እንደሆነ እንጂ አያድነኝም። የጨመረልኝን ዕድሜ ደግሞ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ሳስታውክ ጨረስኩት። አንድ ቀን መረረኝና ሐኪሙን «ከመድኃኒቱ ስድስት ሳምንት ልረፍ፤ አቅም ሳለኝ መካ ሄጄ በእግሬ ዑምራ ላድርግ» አልኩት። ውጤቴን አገላብጦ አየና ፈቀደልኝ።

ያልፈቀደችው ታላቅ እህቴ ናት። ጂዳ፣ ሰቢል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል እንጋራለን። «መድኃኒት አቋርጠሽ? ወላሂ አንቺ ልጅ ቀድመሽ ልትገድይኝ ነው!» ብላ አኮረፈችኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ አኩርፌ ጠበቅኋት።

በአራተኛው ሳምንት የምግብ ጣዕም ተመለሰልኝ። በአምስተኛው የቤታችንን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁትና ላዩ ላይ ቆሜ ብቻዬን እልል አልኩ። ታሞ የተነሳ ፈጣሪውን ረሳ ይባላል፤ እኔ ግን ገና ቀና ከማለቴ ወደሱ ልሩጥ ልሩጥ አለኝ።

እህቴም «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ተከተለችኝ፤ መካ ስንደርስ ዊልቸር እየገፋች መጣች። «ተቀመጪ!» «አልቀመጥም!» ሰው ዞሮ አየን። በመጨረሻ ጫማችንን ጫንንበትና ተዋፉን፣ ካዕባን የሚዞሩበትን ሰባት ዙር፣ በእግሬ ዞርኩ። ካዕባን ሳይ ደስታው አላስችል አለኝ፤ «ያ ረቢ፣ መጣሁ!» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በሰፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባቱን ምልልስ ስንመላለስ፣ አምስተኛው ላይ የእህቴ ጉልበት ከዳት። «ኸላስ፣ አልችልም» አለች። «ያላ፣ ተቀመጪ» ብዬ የቀረውን እኔ ገፋኋት። አንዲት ሐበሻ ሴት አዝና «አላህ እህትሽን ያሽርልሽ» ስትለኝ፣ «አሚን» አልኩ፤ ሳቄ ሊያፈነዳኝ ነበር። ዊልቸሩ ላይ ያለችው በሽተኛ በክርኗ ጎሸመችኝ።

የቀረው ፀጉር መቁረጥ ነው። ሴት ከፀጉሯ ጫፍ ትንሽ ትቆርጣለች። ሴቶች ብቻ ባሉበት ጥግ ሻሼን ገለጥኩ። መድኃኒቱ የመለጠው ራሴ ላይ በእረፍቱ ሳምንታት አጭር፣ ለስላሳ ፀጉር በቅሏል። እህቴ መቀሱን ይዛ ቀረች።

«እንዴት ልቁረጠው? ገና መብቀሉ ነው።»

«ቁረጪ እንጂ፣ ዑምራዬን ልጨርስ።»

ቆንጥራ ቆረጠችው። አልጣለችውም፤ መዳፏ ላይ ይዛ ብዙ አየችው።

«ሐኪሙ የቀጠረሽ እሁድ ነው?» አለችኝ።

«እሁድ ነው።»

«ሌላ አንድ ወር እረፍት ጠይቂው» አለችኝ።